ደመወዙ የየትኛው ስቴት ነው? ከሌላ ስቴት አሠሪ ጋር ከቤታቸው የሚሠሩ ሰዎችና የገቢ ግብር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር)

ስለ ግብር ለመስማት ቅዳሜውን የሚሠዋ ሰው ወይ ትልቅ ትዕግሥት አለው፣ ወይ ከግብር ቢሮ ደብዳቤ ደርሶታል። ለሁለቱም ዓይነት እንግዶች ቦታ አለን።

የዛሬውን ርእስ እንድመርጥ ያደረገችኝ አንዲት እኅት ናት። ማንሃተን በሚገኝ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሥራ ስታገለግል ቆይታ፣ ሥራው ከቤት መሠራት ሲጀምር ዳላስ ወደምትኖረው ታላቅ እኅቷ ዘንድ ተዛወረች። አለቃዋ ፈቅዷል፤ ኮምፒዩተሩ ተሰጥቷታል፤ በወር ሁለት ቀን ያህል ብቻ ወደ ኒው ዮርክ እየበረረች ስብሰባ ትካፈላለች። ቴክሳስ በደመወዝ ላይ ግብር የማይጥል ስቴት ስለ ሆነ፣ ከኒው ዮርክ ግብር ነፃ የወጣች መስሏት የተረፈውን ገንዘብ ለልጇ ትምህርት ታስቀምጥ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ከኒው ዮርክ የግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ዳላስ፣ በእኅቷ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሠራቻቸው ቀናት ሁሉ እንደ ኒው ዮርክ ቀን ተቆጥረው፣ ግብሩ ከነወለዱ ተጠይቋል። ደብዳቤውን ይዛ ስትመጣ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ዶክተር፣ እኔ የት ነው የምሠራው?»

ይህ ጥያቄ የዋህ ይመስላል እንጂ የዋህ አይደለም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። ስቴቶች ዘመናዊ የገቢ ግብር መጣል የጀመሩት ዊስኮንሲን በ1911 ካወጣችው ሕግ ወዲህ ነው። ወዲያው የተነሣው ጥያቄ፣ በሌላ ስቴት ነዋሪ የሆነ፣ እኛ ዘንድ ግን እየመጣ የሚሠራ ሰው ይከፍላል ወይ የሚል ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1920 በአንድ ቀን በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች፣ አንዱ የኦክላሆማ፣ ሌላው የኒው ዮርክ፣ መልሱን ሰጠ። አንድ ስቴት በግዛቱ ውስጥ ከተገኘ ገቢ ላይ፣ ባለገቢው የሌላ ስቴት ነዋሪ ቢሆንም፣ ግብር ሊጥል ይችላል፤ ነገር ግን እንግዳውን ከነዋሪው ለይቶ ሊጎዳው አይችልም። ኒው ዮርክ ለነዋሪዎቿ የምትሰጠውን ከግብር ነፃ የሆነ መጠን ከኮነቲከትና ከኒው ጀርሲ ለሚመላለሱ ሠራተኞች በመከልከሏ በዚያን ቀን ተረትታለች። ያ ሕግ የተበጀው ግን ሠራተኛው በጠዋት በባቡር ሄዶ በማታ ለሚመለስበት ዓለም ነው።

ከዚህ ውሳኔ ሁለት መሠረታውያን ይወጣሉ። የምንኖርበት ስቴት፣ የገቢ ግብር ካለው፣ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ ከየት ገቢያችንን በሙሉ ያያል። የማንኖርበት ስቴት ደግሞ በእርሱ ግዛት ውስጥ በአካል ተገኝተን በሠራንባቸው ቀናት ልክ ብቻ ያየናል። የአሠሪው ዋና መሥሪያ ቤት የትም ቢሆን፣ በመሠረቱ፣ ለውጥ የለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ለካሊፎርኒያ ድርጅት በደመወዝ የምትሠራ ሴት፣ ካሊፎርኒያን ረግጣ ካልሠራች በቀር፣ ግብሯ የሜሪላንድ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ ያለው ከመሠረቱ ባፈነገጡት ስቴቶች፣ በአሠሪዎች የደመወዝ ክፍል፣ እንዲሁም እኛው ይዘነው በመጣነው ልማድ ላይ ነው።

ከልማዳችን ልጀምር። በኢትዮጵያ የመቀጠር ገቢ በሠንጠረዥ ሀ ይመደባል፤ አሠሪው ግብሩን ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ያስገባል፤ ከዚያ ሌላ ገቢ የሌለው፣ አንድ አሠሪ ያለው ሠራተኛ በአብዛኛው ምንም ማስታወቂያ አያቀርብም። ተቆረጠ ማለት ተከፈለ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል መንግሥቱን ሠራተኛ ግብር ለፌዴራሉ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛን ግብር ለክልሉ ቢያከፋፍልም፣ ይህ ክፍፍል የመንግሥታቱ ጉዳይ ስለ ሆነ ሠራተኛው ሳያውቀው ዕድሜውን ይጨርሳል። እዚህ አገር ግን ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ የመጨረሻው ሒሳብ የሚሠራው ሠራተኛው ራሱ ፈርሞ በሚያስገባው ማስታወቂያ ነው። አሠሪው ለተሳሳተ ስቴት ቢከፍል፣ ትክክለኛው ስቴት ዕዳውን የሚጠይቀው ሠራተኛውን ነው። ወገኖቻችን «ከደመወዜ ተቆርጧል እኮ!» ሲሉ የምሰማው ንዴት ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናዘዝ፤ ግብር የሚያስተምር ሰው ኑዛዜ ለተማሪ ደስ ይላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ስቴት ለሚገኝ አንድ ኮሌጅ የማታ ትምህርት በኢንተርኔት አስተምር ነበር። ወደ ኮሌጁ አንድም ቀን አልሄድኩም። በጥር መጨረሻ የዓመቱ የደመወዝ ወረቀት፣ ማለትም ደብሊው-2፣ ሲደርሰኝ እንደ ማንኛውም ሰው የላይኛውን ሣጥን አይቼ አስቀመጥኩት። ማየት የነበረብኝ ታችኛውን ረድፍ ነበር፤ በ15ኛው ሣጥን የስቴቱ ስም፣ በ16ኛው ለዚያ ስቴት የተመዘገበው ደመወዝ፣ በ17ኛው ለዚያ ስቴት የተቆረጠው ግብር ይጻፋል። የእኔው ግብር በሙሉ የተቆረጠው ለኮሌጁ ስቴት ነበር፤ ለሜሪላንድ አንድ ሳንቲም አልገባም። ያንን ገንዘብ ከሜሪላንድ ግብሬ ላይ ማካካስ አልችልም፤ ማካካሻ የሚሰጠው በሕግ ለሌላ ስቴት መከፈል ለነበረበት ግብር እንጂ በስሕተት ለተከፈለ አይደለምና። ስለዚህ ለሜሪላንድ ሙሉውን፣ የካውንቲውን ድርሻ ጨምሬ፣ በሚያዝያ ከኪሴ ከፈልኩ። ለዚያኛው ስቴት ደግሞ የኗሪ ያልሆነ ሰው ማስታወቂያ ሞልቼ፣ «እዚህ አልሠራም» የሚል ደብዳቤ ከኮሌጁ አስጽፌ፣ ተመላሹን እስከ መስከረም ጠበቅኩ። የኮሌጁ የደመወዝ ክፍል ደብዳቤውን ለመጻፍ የፈጀበት ጊዜ፣ ስቴቱ ገንዘቡን ለመመለስ ከፈጀበት አይተናነስም ነበር።

አሁን ወደ አፈንጋጮቹ ስቴቶች ልለፍ፤ የዳላሷ እኅታችን ያለችው እዚህ ነውና። ኒው ዮርክ፣ እንዲሁም ፔንሲልቬንያ፣ ዴላዌርና ጥቂት ሌሎች፣ በእንግሊዝኛው ስሙ «የአሠሪው ምቾት» የሚባል ደንብ አላቸው። ስሙ አሳሳች ነው። የደንቡ ቁም ነገር እንዲህ ነው፦ ምድብ ቢሮህ እዚህ ከሆነና አንተ ሥራውን ከፊሉን እዚህ፣ ከፊሉን ከስቴቱ ውጭ ከሠራህ፣ ውጭ የሠራህባቸው ቀናት ከእኛ ግብር የሚወጡት አሠሪህ ለሥራው አስፈላጊነት ሲል ወደዚያ የላከህ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ለራስህ እንዲመችህ ብለህ፣ ልጅ ለማሳደግ፣ ኪራይ ለመቀነስ፣ እናት ለማስታመም ውጭ ከተቀመጥክ፣ ቀኑ እዚህ እንደ ተሠራ ይቆጠራል።

በቁጥር እንየው። ደመወዟ 90,000 ዶላር፣ የሥራ ቀኖቿ 220 ናቸው እንበል። ኒው ዮርክ የተገኘችው 22 ቀን ነው። በመሠረታዊው ደንብ ከሄድን አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 9,000 ዶላሩ ብቻ የኒው ዮርክ ገቢ ነው። በዚህኛው ደንብ ግን 90,000ው በሙሉ የኒው ዮርክ ይሆናል። ቴክሳስ ግብር ስለሌላት የምታካክሰው ነገር የላትም፤ ልዩነቱን በሙሉ የምትሸከመው ሠራተኛዋ ናት።

ይህን ሸክም ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱ ሰዎች አሉ። ኤድዋርድ ዘሊንስኪ የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር ኮነቲከት እየኖሩ ማንሃተን ያስተምሩ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዳሉ፤ በቀሩት ቀናት ቤታቸው ሆነው ይጽፋሉ፣ ፈተና ያርማሉ። መምህር የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው እርማት ቢሮ አይወድም። የ1994ና የ1995 ገቢያቸውን በቀናቱ ልክ አካፍለው ቢያስታውቁ ኒው ዮርክ አልተቀበለችም። የኒው ዮርክ የመጨረሻው ፍርድ ቤት በ2003 ፈረደባቸው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ለማየት ፈቃደኛ አልሆነም። ኮነቲከትም በበኩሏ፣ ቤትህ ሆነህ ያገኘኸው የእኔ ነው በማለቷ፣ ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተገበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ የቶማስ ሀከቢ ጉዳይ ተወሰነ። ሀከቢ በናሽቪል፣ ቴነሲ የሚኖር የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ አሠሪው የኒው ዮርክ ድርጅት ነው፤ ከሥራ ጊዜው ሦስት አራተኛውን ቤቱ ሆኖ ይሠራል። ዳኞቹ አራት ለሦስት ተከፍለው የደመወዙ ሙሉ የኒው ዮርክ ነው አሉ። የእኅታችንን ደብዳቤ ሳነብ የታወሰኝ የሀከቢ ፋይል ነው። በአንድ ድምፅ ልዩነት የቆመ ውሳኔ ከሃያ ዓመት በኋላ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ደረሰ።

እኔ በግሌ የሦስቱ ዳኞች ወገን ነኝ። አንድ ስቴት ግብር የሚጥለው መንገዱን፣ ፖሊሱን፣ የእሳት አደጋ መኪናውን ስለሚያቀርብ ነው ካልን፣ ዳላስ ለተቀመጠች ሴት እነዚህን የምታቀርበው ኒው ዮርክ አይደለችም። የኒው ዮርክ መከራከሪያ ደግሞ ተራ አይደለም፦ የሥራ ገበያው የእኛ ነው፤ እንደዚያ ያለ ደመወዝ የሚከፈለው ከተማችን ስላለች ነው፤ ደንቡ ባይኖር ደግሞ ሰው ሁሉ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ኢሜይል አየሁ እያለ ቀን ይቀንሳል ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ፍርሃት እውነትነት አለው። ግን መድኃኒቱ ማስረጃ መጠየቅ እንጂ ሁሉንም ቀን መውሰድ አልነበረም።

ወረርሽኙ ሲመጣ ነገሩ ከግለሰቦች ወደ ስቴቶች ጠብ ተሸጋገረ። ማሳቹሴትስ በ2020፣ ቢሮ ተዘግቶባቸው ኒው ሃምፕሻየር ቤታቸው የቀሩትን ሠራተኞች እንደ ቀድሞው ላስከፍል አለች። በደመወዝ ላይ ግብር የማታውቀው ኒው ሃምፕሻየር በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች፤ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2021 ክሱን ሳይቀበል ቀረ። ኒው ጀርሲም በ2023 የኒው ዮርክን ደንብ የሚመስል የአጸፋ ደንብ አወጣች፤ ኮነቲከት ከእርሷ ቀድማ እንዲሁ አድርጋ ነበር። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ አጥር ሲያጥር ዶሮዎቹ የት እንደሚገቡ የጠየቀ የለም።

በሁለት ስቴት ግብር የሚጠየቅ ሰው መከላከያው ማካካሻ ነው፤ የሚኖርበት ስቴት፣ ለሌላው ስቴት የተከፈለውን ከራሱ ግብር ላይ ይቀንስለታል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ የሚሠራው የኗሪ ያልሆነበት ስቴት ማስታወቂያ ነው፤ ከዚያ የተገኘው ቁጥር ነው ወደ መኖሪያው ስቴት የሚሻገረው። በተገላቢጦሽ የጀመረ ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። ማካካሻው ጣሪያ አለው። ለሌላው ስቴት 4,000 ዶላር ከፍለው፣ በዚያው ገቢ ላይ የመኖሪያዎ ስቴት ግብር 3,500 ቢሆን፣ 3,500ው ይቀራል፤ 500ውን ግን ማንም አይመልስልዎትም። የመኖሪያዎ 4,500 ቢሆን ኖሮ 500 ይጨምሩ ነበር። በአጭሩ፣ የሚከፍሉት ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው። በዚህ ጉዳይ ሜሪላንድ ነዋሪዎቿን ውለታ አስገብታለች፤ ሳትወድ። ስቴቷ ማካካሻውን ከስቴት ግብር ላይ ትሰጥ፣ ከካውንቲው ድርሻ ላይ ግን ትከለክል ነበር። ዊን የተባሉ የሃዋርድ ካውንቲ ባልና ሚስት ተከራክረው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ይህ አሠራር በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ የሚበድል ነው ሲል ሻረው።

እኛ የምንኖርበት አካባቢ ከኒው ዮርክ ጋር ሲነጻጸር ሰላም ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ በ1973 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕጓ፣ ነዋሪዋ ባልሆነ ሰው ገቢ ላይ ግብር እንዳትጥል ተከልክላለች። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል፤ የቨርጂኒያ ነዋሪ ቤቴስዳ ቢሮ ቢገባም፣ ደመወዙን የሚያስታውቀው ለቨርጂኒያ ብቻ ነው። ይህ ስምምነት ደመወዝን ብቻ የሚመለከት መሆኑ አይዘንጋ፤ የኪራይ ቤት ገቢና የንግድ ትርፍ አይገቡበትም። ስምምነቱም በራሱ አይሠራም። ለአሠሪው «እኔ የዚያኛው ስቴት ነዋሪ ነኝ» የሚለውን ቅጽ መስጠት አለብን፤ ለሜሪላንድ አሠሪ ኤም ደብሊው-507፣ ለቨርጂኒያ አሠሪ ቪ ኤ-4፣ ለዲሲ አሠሪ ዲ-4ኤ። ይህች አንዲት ገጽ በሥራው የመጀመሪያ ቀን ብትሞላ የአንድ ክረምት መንከራተት ታስቀራለች።

አሠሪው በእኛ ስቴት ያልተመዘገበ ትንሽ ድርጅት ከሆነና ምንም የማይቆርጥ ከሆነስ? ያን ጊዜ በየሩብ ዓመቱ ግምቱን ራሳችን እንከፍላለን፤ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ላይ የሚከፍል ሰው ቅጣት ይጠብቀዋል። ቨርጂኒያ ማስታወቂያዋን የምትቀበለው እስከ ሜይ 1 ስለ ሆነ፣ የፌዴራሉን በኤፕሪል 15 ጨርሶ እፎይ ያለ ሰው እንዳይረሳት።

ከመካከላችሁ በስልክ የአስተርጓሚነት ሥራ የምትሠሩ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሌሊት ከአንድ ሆስፒታል፣ ጠዋት ከአንድ ፍርድ ቤት፣ ሁሉም ከሌላ ስቴት፣ እናንተ ግን አሌክሳንድሪያ ሳሎናችሁ ውስጥ። ለእናንተ የመጀመሪያው ጥያቄ ስቴቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የመጣላችሁ ደብሊው-2 ሳይሆን 1099 ከሆነ ሕጉ እንደ ሠራተኛ አያያችሁም፤ የራሳችሁ ንግድ ባለቤት ናችሁ። እስካሁን የተናገርኩት «በአካል የሠራህበት ቦታ» የሚለው መሠረታዊ ደንብ ደግሞ ለደመወዝተኛ እንጂ ለባለ ንግድ ሁልጊዜ አይሠራም። ካሊፎርኒያ የባለ ንግድን ገቢ የምትመለከተው ደንበኛው የአገልግሎቱን ጥቅም ባገኘበት ቦታ ነው። በ2019 የስቴቷ የግብር ይግባኝ አካል፣ አሪዞና ተቀምጦ ለካሊፎርኒያ ድርጅቶች የፊልም ጽሑፍ የጻፈ ሰው ለካሊፎርኒያ ግብር አለበት ሲል ወስኗል። ስለዚህ 1099 ያላችሁ፣ ከፋያችሁ ማን እንደሆነና የት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ያዙ።

ሌላው ተደጋግሞ የሚጠየቀው የአዲስ አበባው ጉዳይ ነው። ላፕቶፑን ይዞ ለሦስትና ለአራት ወር አገር ቤት ሄዶ እየሠራ የሚመለስ ሰው፣ «በነዚያ ወራት ቨርጂኒያ አልነበርኩም» ይላል። አልነበረም፤ ነዋሪነቱ ግን አልተነሣም። ሕጉ የሚፈልገው ቋሚ መኖሪያን ነው፤ ሰው ሲሄድ ልመለስበት ብሎ የሚተወውን ቤት። መንጃ ፈቃዱ፣ የመራጭነት ምዝገባው፣ የቤት ውሉ፣ ባለቤቱና ልጆቹ ያሉት እዚያው ከሆነ ቨርጂኒያ ዓመቱን በሙሉ ትጠይቀዋለች። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የገቢ ግብር አዋጁ ገንዘቡ የትም ይከፈል የት፣ ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠራ ምንጩ ኢትዮጵያ ነው ይላል፤ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየንም ሰው ነዋሪ ያደርገዋል። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብርን የሚመለከት፣ ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት የለም። ቆይታችሁን ከማራዘማችሁ በፊት ቀኖቹን ቁጠሩ።

ኮንግረሱ ይህን ሁሉ በአንድ ሕግ ሊያቃልለው ይችል ነበር። አንድ ሠራተኛ በሌላ ስቴት ከ30 ቀን በላይ ካልሠራ ያ ስቴት እንዳያስከፍለው የሚያደርግ ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤት ከአንድ ጊዜ በላይ አሳልፎት፣ ሴኔቱ ዘንድ ግን ቀርቷል። ትልቅ ገቢ የሚያጡት ስቴቶች ጠንካራ ሴናተሮች አሏቸው፤ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራው ሰው የለውም።

የዳላሷ እኅታችን ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዕዳ ለማስቀረት አልቻልንም። ቤቷ ለሥራው የግድ የሚያስፈልግ ልዩ መሣሪያ ያለበት፣ አሠሪዋም እንደ ራሱ ቢሮ የሚቆጥረው ቦታ ነው ብሎ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ኒው ዮርክ በ2006 ባወጣችው መመሪያ ለዚህ መመዘኛ አስቀምጣለች። የእርሷ ሥራ አንድ ኮምፒዩተርና ስልክ ብቻ ስለሚፈልግ መመዘኛውን አላሟላችም። ገንዘቡን በወር በወር ለመክፈል ተስማማች። ወደፊት ያለውን ግን አሠሪዋን ጠየቅን፤ ድርጅቱ ዳላስ አጠገብ ቅርንጫፍ አለው። ምድብ ቢሮዋ በጽሑፍ ወደዚያ ተዛወረ፤ የምትታዘዘውም ለዚያ ኃላፊ ሆነ፤ ለወረቀት ብቻ አይደለም፣ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ትገባለች። ከዚያ ወዲህ ኒው ዮርክ የምታያት በአካል ለተገኘችባቸው ቀናት ብቻ ነው፤ እነሱንም ከአውሮፕላን ትኬቶቿ ጋር በአንድ ማስታወሻ ደብተር እየመዘገበች ታስቀምጣለች። ደብተሯን ባለፈው ወር አሳይታኛለች፤ አሥራ አንድ ቀን ተጽፎበታል።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልሂድ። ደብሊው-2ታችሁን የያዛችሁ፣ ታችኛውን ረድፍ ከፈታችሁ አድርጉት።